በወባ መኪና የመጣች ተቆጣጣሪ

ከጥምቀት ማግስት ነው። የልጅ ልጄ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ መጥቷል። ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ በብርድ ትጋረፋለች፤ እኛም የእዚሁ የከተማችንን ፋብሪካ ብርድ ልብስ ተከናንበን ከሰል ዙሪያ ተቀምጠናል። (ከሰሉን በር ከፍቼ ነው የማቀጣጥለው። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ምን እንደሚሠራ በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ፤ እናንተም አደራ ክፈቱ።) ልጁ ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ አገናኘና፣

«እቴቴ፣ አንቺ ሳትወለጂ የተሠራ ፊልም ላሳይሽ?» አለኝ።

«እኔ ሳልወለድ ፊልም ነበረ እንዴ?» አልኩት።

ፊልሙ «ዘ ኢንስፔክተር ጄኔራል» ይባላል፤ በእኛ አፍ «ዋናው ተቆጣጣሪ» እንደ ማለት ነው። በ1949 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ዋርነር ብራዘርስ የተሠራ፣ ሄንሪ ኮስተር ያዘጋጀው፣ ዳኒ ኬይ የተባለው ኮሜዲያን የሚተውንበት ነው። ነገሩ የሚሆነው ብሮድኒ በምትባል አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ከንቲባዋ ሌባ፣ ሹማምንቷም በሙሉ የከንቲባው የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። አንድ ቀን «ዋናው ተቆጣጣሪ ማንነቱን ደብቆ በአካባቢው እየዞረ ነው» የሚል ወሬ ይደርስና ከተማው ይታመሳል። በዚያው ሰሞን ጆርጂ የሚባል አንድ ርሀብተኛ መንገደኛ ከፈረስ ቀለብ ሊቀምስ ሲል ተይዞ ታስሯል። የፖሊስ አዛዡም ሥራ የሠራ ለመምሰል በነጋታው እንዲሰቀል ፈርዶበታል። ኋላ ግን «ይሄ ሰውዬ ያ የተባለው ተቆጣጣሪ ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣባቸዋል። በቃ! ሊሰቀል የነበረው ሰው ጌታ ሆነ። ግብዣው፣ ስግደቱ፣ ጉቦው ተከታተለ።

እንግሊዝኛው ሲፈጥን ስለሚያመልጠኝ ልጁ እየተረጎመልኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ግን ሳቁ ከመጀመሩ በፊት፣ ፊልሙ እንደ ተከፈተ የሚመጣ አንድ ትዕይንት አለ። ጆርጂ መጀመሪያ ያኮቭ ከሚባል አጭበርባሪ ጋር በየገበያው እየዞረ «ሁሉን የሚያድን መድኃኒት» የሚሸጥ ነው። የእሱ ድርሻ መዝፈንና ሰው መሰብሰብ ነው። አንዲት ምስኪን አሮጊት ያለቻትን ሳንቲም ይዛ ልትገዛ ስትመጣ ግን አንጀቱ አልችል ይለዋል። ገንዘብሽን አታጥፊ፣ ይሄ አያድንም ይላታል። ነገር ተበላሸ። ያኮቭም አባረረው። ያ ልጅ እውነት በመናገሩ እንጀራውን አጣ፤ ብሮድኒ ገብቶ ዝም ባለ ጊዜ ደግሞ የተቆጣጣሪ ወንበር አገኘ።

«አንዴ አቁመው» አልኩት ልጁን።

«ሽንት ቤት ልትሄጂ ነው?»

«አይደለም። እኔም አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪ ሆኜ አውቃለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1975 ዓ.ም. የነርሲንግ ዲፕሎማዬን ይዤ ስወጣ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሥራ የተመደብኩት በዚያን ጊዜው አጠራር ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ ተጉለትና ቡልጋ አውራጃ፣ ከአንኮበር ወደ ቆላው ወርዳ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ክሊኒክ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ የማውቃቸው ሰዎች ልጆች ዛሬም እዚያ አሉ። ከደብረ ብርሃን አንኮበር አርባ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን መንገድ ሳይሆን የጅረት ድንጋይ ነው። ሰው በእግሩ ወይ በበቅሎ ነበር የሚወርደው። እኔ ዕድል ቀናኝና ሕዝቡ «ወባ ማጥፊያ» የሚላቸው ሠራተኞች ለዲዲቲ ርጭት ወደ ቆላ ሲወርዱ በላንድሮቨራቸው አሳፈሩኝ። ደጋጎች ነበሩ። ከተማዋ መግቢያ ላይ አውርደውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አሁን በከተማዋ ሰው ዐይን እዩኝ። የመንግሥት ላንድሮቨር ቆመ። ከውስጡ ሱሪ የለበሰች፣ የወንድሟን ኮት የደረበች፣ ለአቧራው ከመርካቶ የገዛችውን ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ወረደች። በእጇ ዶሴ ይዛለች። መኪናውም ሳይቆይ ሄደ። በዚያ ሰሞን «ከጤና ጥበቃ ተቆጣጣሪ ይመጣል» የሚል ወሬ ተናፍሶ ኖሯል። እኔ ይህን በምን ልወቅ?

የቀበሌው ሊቀ መንበር ካኪያቸውን ለብሰው፣ የሴቶች ማኅበሯ፣ የወጣቶቹ፣ ከኋላቸው የክሊኒኩ ጤና ረዳት ገና ውሃው ያልደረቀ ነጭ ጋወን ለብሰው ተሰልፈዋል።

«እንኳን ደህና መጡ ጓድ!»

ጓድ! እኔ ትናንት ተማሪ የነበርኩ ሰው። ለነርሶቹ ሁሉ እንዲህ አቀባበል ያደርጉላቸዋል ማለት ነው ብዬ ገረመኝ። የምደባ ደብዳቤዬን ከዶሴው አውጥቼ ለሊቀ መንበሩ ዘረጋሁ።

«ደብዳቤው የትም አይሄድም ጓድ፤ መጀመሪያ እህል ይቅመሱ» አሉ።

ዶሮ ነበር። ከዶሮው በኋላ ክሊኒኩን አስጎበኙኝ። ወለሉ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። በክሊኒክ ወለል ላይ ቄጤማ ያየሁት በሕይወቴ ያኔ ብቻ ነው። አንድም በሽተኛ የለም። ማክሰኞ ቀን፣ በወባ አገር፣ አንድም በሽተኛ የሌለበት ክሊኒክ! ኋላ እንደ ሰማሁት ክሊኒኩ ንጹሕ እንዲመስል «ነገ ኑ» ተብለው ተበትነው ነው። ቀጥሎ በነጭ ጋዝ የሚሠራውን የክትባት ፍሪጅ ከፈቱልኝ። ክትባት በአገራችን በመርሐ ግብር የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነውና ያኔ ፍሪጁ ገና አዲስ፣ የዩኒሴፍ ምልክት ያለበት፣ እንደ ታቦት የሚታይ ዕቃ ነበር። ተወልውሎ ያበራል። ሽታው ግን የቅቤ ሽታ ነው። ጤና ረዳቱ ሽታውን እንዳሸተትኩ አይተው ዐይናቸውን ወደ ጣሪያ ሰደዱ።

(ዳኒ ኬይ በ1954 እ.ኤ.አ. የዩኒሴፍ የመጀመሪያው የበጎ ፈቃድ አምባሳደር መሆኑን የልጅ ልጄ ከስልኩ አንብቦ ሲነግረኝ ያ ፍሪጅ ነው ትዝ ያለኝ።)

ነገሩ የገባኝ ማታ ነው። ጤና ረዳቱ ቡና እያስቀዱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሪፖርቱ ላይ እንግዲህ ምን ይጽፋሉ?» አሉኝ። አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ያኔ ሁሉም ነገር፣ ጓድ መባሉም፣ ቄጤማውም፣ ዶሮውም ግልጥ አለልኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ መልሼ ዘጋሁት።

ለምን ዘጋሁት? አርባ ዓመት ሙሉ ለራሴ የተለያየ መልስ ስሰጥ ኖሬያለሁ። አፈርኩ፤ ዶሮውን በልቼ ነው የተነሣሁት። ፈራሁ፤ መንግሥትን ወክሎ መገኘት በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም። ግን ከሁሉ ይልቅ ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ ሙሉ «አንቺ» ስባል ኖሬ ያን ቀን ሽማግሌ እርስዎ ብሎኛል። «ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ» አልኩ። ቁስል ለነገ ሲባል ምን እንደሚሆን የተማርኩት እኔ!

የጤና ረዳቱን አልጋ ለቀው ሰጥተውኝ ተኛሁ። ገና ጋደም ከማለቴ በጓሮ በኩል አንድ ሰው ኮሽ አደረገ። አንዲት አሮጊት ናቸው። ነጠላቸውን አገልድመው፣ አጎንብሰው ገቡ።

«እርስዎ የመንግሥት ዐይን ነዎት አሉ» አሉኝ። «እኔ ድኻ ነኝ። እዚህ ቤት ያለ እንቁላል ኪኒን አይሰጥም። አራት እንቁላል ካላመጣሁ ለልጄ የወባ ኪኒን አላገኝም። ይህን ይጻፉልኝ።»

እዚህ ላይ እንኳ ልናገር እችል ነበር። በጨለማ፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን። «እማማ፣ እኔ ነርስ ነኝ» ማለት አራት ቃል ነው። እኔ ግን፣

«እመለከተዋለሁ» አልኩ።

ጠዋት ሊቀ መንበሩ ደብዳቤዬን ከፍተው አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። ከዚያ ሣቁ። ከልባቸው ሣቁ። የሴቶች ማኅበሯ ሣቀች፤ ወሬው በከተማው ሲደርስ ከተማው ሣቀ። ለወራት «ተቆጣጣሪዋ» ተብዬ ቀረሁ። ያልሣቁት ጤና ረዳቱ ብቻ ናቸው። ቁልፋቸውን ከጠረጴዛ ላይ አንሥተው ኪሳቸው ከተቱና «ያቺ ዶሮ የልጆቼ ነበረች» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

የፊልሙ ታሪክ መነሻው የሩሲያዊው ጎጎል ተውኔት ነው፤ በ1836 እ.ኤ.አ. ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ነው መጀመሪያ የታየው። የልጅ ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለሆነ ተውኔቱን አንብቦታል። እኔን የገረመኝ ፊልሙ የጣለው ክፍል ነው። በጎጎል ተውኔት ከከተማዋ ሹማምንት አንዱ የሆስፒታል ኃላፊ ነው። ከንቲባው የተቆጣጣሪውን ወሬ እንደ ሰማ መጀመሪያ ከሚሰጣቸው ትእዛዞች አንዱ የበሽተኞቹ ቆብ ንጹሕ ይሁን፣ ከየአልጋው በላይ የበሽታው ስም በላቲን ይጻፍ የሚል ነው። ደግሞም በሽተኛ ሲበዛ የሐኪሙ ድክመት ይመስላልና ቁጥራቸው ቢያንስ ይሻላል ይላል። ልጁ ይህን ሲነግረኝ «ቄጤማውን ረስቶታል» አልኩት። የሩሲያ ቆብና የቆላው ቄጤማ አንድ ናቸው። መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ይለያያሉ እንጂ።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ዓይነት ሹማምንትን መሸንቆጥ ወደ አማርኛ መድረክ የገባው ከእኛው ሰሜን ሸዋ በወጣ፣ ሩሲያም በተማረ ሰው መሆኑ ነው። የሰያ ደብሩ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው ተምረው ተመለሱ። በዘመነ ዘውዲቱ የጻፉት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመድያ» የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ነው። አውሬዎቹ አውሬ ብቻ አልነበሩም፤ ባለ ሥልጣኖቹ ራሳቸውን አዩበትና ተከለከለ። እኒሁ ሰው ናቸው በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት። የዛሬዎቹ የፊልም ሰዎቻችን ግን ኮሜዲ ሲሉ ሁልጊዜ የአዲስ አበባ ቤት፣ የአዲስ አበባ ካፌ፣ የአዲስ አበባ ፍቅር ነው። አንድ ቀን ጎረቤላ መጥታችሁ ካሜራችሁን ገበያው መካከል ብታቆሙ ስንት ጆርጂ ታገኙ ነበር!

ወደ አሮጊቷ ልመለስ።

እንቁላሉ እውነት ነበር። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ጤና ረዳቱን ጠየቅኋቸው። ጋሼ ነበር የምላቸው። ዝም ብለው ወደ ፍሪጁ ወሰዱኝና የጋዙን ታንክ ከፈቱ። ለፍሪጁ የሚመደበው ነጭ ጋዝ ከላይ ከመጣ አምስት ወር ሆኖታል። ጋዝ ከሌለ ክትባቱ በዚያ ሙቀት በቀን ተበላሸ ማለት ነው። እንቁላሉን በገበያ ቀን ይሸጡና ጋዝ ይገዙበታል። ሁሉም እንቁላል ወደ ጋዝ ሄዷል ብዬ አልምልም፤ የቅቤው ሽታ ከጋዝ አይመጣም። ልጆቻቸው ስድስት ነበሩ። ግን የከተማዋ ሕፃናት ክትባት በእንቁላል ነው የቆመው። እንግዲህ ይህን ሪፖርት ላይ ጻፉት! ሌባ ናቸው ትላላችሁ? እኔ እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም።

አሮጊቷ ግን በየገበያው ቀን በክሊኒኩ በር ያልፋሉ። ቆም ይላሉ። መጀመሪያ በዐይናቸው፣ ኋላ በአፋቸው «ነገሬስ?» ይሉኛል። በመጨረሻ አንድ ቀን ጥግ ያዝ አድርጌ ነገርኳቸው። እኔ ተቆጣጣሪ አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ፤ በስሕተት ነው አልኳቸው። ብዙ አዩኝ። ያን ማታ እርስዎ ያሉኝ ሰው አሁን፣

«ታዲያ ያን ማታ ማን ነበርሽ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም።

ቀሪው ነገር እንዲገባችሁ ስለ ሐኪም ስም ትንሽ ማለት አለብኝ። በእኛ አገር ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ሐኪም ነው። ድሬሰሩም፣ ጤና ረዳቱም፣ ነርሷም፣ ጤና መኮንኑም ሐኪም። ኋላ ኋላ ደግሞ ሁሉም «ዶክተር» ሆነ። በሽታው አዲስ አይደለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበርን መናገሻ አድርገው ሳሉ የውጭ አገር ሰው ሁሉ ባለ መድኃኒት ተደርጎ ይታይ ነበር። የሚሲዮናዊው ክራፕፍን ነገር ብታነቡ፣ በ1841 እ.ኤ.አ. የመጣውን የእንግሊዙን መልእክተኛ ሐሪስን ብታነቡ፣ መድኃኒት አምጡ የሚለው ጥያቄ አያቋርጥም። ከሐሪስ ጋር ሐኪም ነበረ፤ ከእሱ ቀጥሎ የመጣውና አልዩ አምባ የተቀመጠው ጆንስተንም ሐኪም ነው። ክራፕፍ ግን ወንጌል ሰባኪ ነው፤ ሐሪስም ወታደር። ለታመመ ሰው ልዩነቱ ምን ያደርግለታል? ከሩቅ የመጣ ሰው ያድናል ብሎ ማመን የታመመ ሰው ጥፋት አይደለም።

ሞልየር የሚባለው ፈረንሳዊ በዚሁ ላይ ኮሜዲ ጽፏል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «የፌዝ ዶክተር» ብለው ወደ አማርኛ መልሰውታል። አንድ እንጨት ቆራጭ «ዶክተር ነህ» ይሉታል፤ «አይደለሁም» ሲል ይደበድቡታል፤ ዱላው ሲበዛበት «እሺ ነኝ» ይላል። ሰው ይሥቃል። እኔ በዚህ ኮሜዲ መሣቅ አልችልም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ሥራ ከጀመርኩ አራት ወር ሆኖኛል። እነዚያው አሮጊት የልጃቸውን ሚስት በምጥ ይዘዋት መጡ። ምጥ የያዛት ከትናንት ጀምሮ ነው። ገልጬ ሳይ የሕፃኑ እጅ ቀድሞ ወጥቷል። ሕፃኑ አግድም ተኝቷል ማለት ነው። ይህ በነርስ እጅ፣ በክሊኒክ የሚወለድ ልጅ አይደለም። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል። ወዲያው ተናገርኩ። «ከእኔ አቅም በላይ ነው። እኔ ዶክተር አይደለሁም። አሁኑኑ ቃሬዛ አዘጋጁና ወደ ደብረ ብርሃን እንውጣ» አልኩ።

አሮጊቷና ልጃቸው ተያዩ። በሹክሹክታ ተነጋገሩና ልጁ ወጣ። ቃሬዛ ሊያመጣ ነው ብዬ ለእናቲቱ ውሃ በመርፌ ማስገባት ጀመርኩ፤ ለመንገድ የሚያስፈልገኝን አሰናዳሁ። ግማሽ ሰዓት ሆነ፤ አንድ ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ልጁ ላብ አጥምቆት ተመለሰ። ቃሬዛ የለም። በገመድ በግ እየሳበ ነው።

በጉን ክሊኒኩ በር ላይ አሠረው። አሮጊቷ ጉልበቴን ያዙ። «እንቁላል እንደማይበቃሽ አውቀናል» አሉ። «አንቺ ትልቅ ሰው እንደሆንሽ እኔ አውቃለሁ። የመጣሽበትን መኪና ዐይቻለሁ። ራስሽን ደብቀሽ ነው እንጂ ማን መሆንሽን ያን ማታ ዐይቻለሁ። አሁን አድኛት።»

እውነቱን ተናግሬ ነበር። «አልችልም» ብዬ ነበር። እነሱ ግን «አልችልም»ን የሰሙት «ጨምሩ» ብለው ነው። ለምን እንዲህ አልሰሙትም? አንድ ማታ «እመለከተዋለሁ» ያለ ሰው ኋላ «እኔ እኮ ማንም አይደለሁም» ቢል ማን ያምነዋል?

አለቀስኩ። ጮኽኩ። ጋሼ ናቸው የደረሱልኝ። ወጥተው በከተማው ደወል አስደወሉ፤ የገበሬ ማኅበሩን ወንዶች ሰበሰቡ፤ በራሳቸው አልጋ ቃሬዛ ሠሩ። ያችው የተኛሁባት አልጋ ናት። እየተፈራረቁ ያን ዳገት ሌሊቱን ሙሉ ተሸክመዋት ወጡ። እኔ ከጎን ነበርኩ። ንጋት ላይ አንኮበር ስንደርስ የጭነት መኪና አገኘን። ደብረ ብርሃን ገባን።

እናትየው ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

ያ ሁለት ሰዓት ባይጠፋ ሕፃኑ ይተርፍ ነበር አልልም። ያን ዳገት የሚያውቅ፣ የመጣችበትን ሰዓት የሚያውቅ እንዲህ ብሎ አይምልም። ግን ሁለት ሰዓት ነው፤ ከቆጠራዬ ወጥቶ አያውቅም። ከዚያ በኋላ በሠላሳ ምናምን ዓመት አገልግሎቴ «ዶክተር» ያለኝን ሰው ሁሉ «ነርስ ነኝ» ሳልለው አላለፍኩም። ባልደረቦቼ «ምን አስጨነቀሽ፤ ይበሉሽ» ይሉኝ ነበር። አንዳንዶቹ ትሕትና መሰላቸው።

«አስቀጥለው» አልኩት ልጁን። እሱ ግን ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሏል።

ፊልሙን ጨረስነው። መጨረሻው አልተስማማኝም። እውነተኛው ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ጆርጂ ቅን ሰው መሆኑን ያያል፤ የከተማዋ ከንቲባ ያደርገዋል። ያ አጭበርባሪው ያኮቭ ደግሞ የፖሊስ አዛዥ ይሆናል! አሜሪካኖች ሰው አዝኖ ከሲኒማ እንዲወጣ አይፈልጉም መሰለኝ። ጎጎል ይሻላል። በእሱ ተውኔት ሐሰተኛው ገንዘቡን ሰብስቦ ከሄደ በኋላ እውነተኛው መድረሱ ይነገራል፤ ሁሉም ባሉበት ደርቀው ይቀራሉ፤ መጋረጃው ይዘጋል። ምን እንደ ሆኑ አይነገርም።

«እቴቴ» አለኝ ልጁ ኮምፒውተሩን እየዘጋ፣ «እናንተ ጋስ እውነተኛው ተቆጣጣሪ መጣ?»

መጣ እንጂ! በሰባተኛው ወር፣ በሐምሌ ዝናብ። መኪናው ከላይ ጭቃ ውስጥ ተይዞበት ቁልቁለቱን በእግሩ ነው የወረደው። አጭር፣ ቀጭን ሰውዬ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ። ማንም አልተቀበለውም። ክሊኒኩ ጣሪያ ሥር ከበሽተኞቹ ጋር ሰልፍ ይዞ ተቀመጠ። ይንቀጠቀጥ ስለነበር ጋሼ ወባ ነው ብለው ክሎሮኪን ሊሰጡት ሲሉ ነው ወረቀቱን ያወጣው። ጋሼ እንዲያ ሲሥቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰውዬው ጥሩ ሰው ነበር። ፍሪጁን አየ፤ የጋዙን ነገር እንዳለ ነገርነው፤ ጻፈ። ስለ እንቁላሉም ጋሼ ራሳቸው ነገሩት። እሱንም ጻፈ።

እኔ ግን አንድ ልጅ ልኬ አሮጊቷን አስጠራሁ። «እውነተኛው መጥቷል፤ አሁን የሚሉትን ለእሱ ይንገሩት» ልላቸው ነው። በዝናቡ ውስጥ ጆንያ ተከናንበው መጡ። በሩ ላይ ቆመው ሰውዬውን ከጭቃ እግሩ እስከ ርጥብ ራሱ አዩት። አንድ ጊዜ ወደ መንገዱ ዞረው መኪና ፈለጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣

«ይሄ?» አሉ። «ይሄማ አይመስልም።»

ጆንያቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።